በሕልም ስለ ተበላ እንግዳ መብል፤ የጥንት ሰዎች እንዴት እንደ ፈቱት

ሰው በቀን የሚበላውን ያውቃል። ማን እንዳበሰለው፥ በማን ማዕድ እንደ ቀረበ፥ ቀኑም ጾም መሆኑንና አለመሆኑን ለይቶ እጁን ይዘረጋል። በሌሊት ግን በእንቅልፍ ልቡ ስሙን የማያውቀውን፥ በአገሩ ያልተለመደውን፥ አንዳንድ ጊዜም ነቅቶ ቢሆን ኖሮ የሚጸየፈውን መብል ሲበላ ያድራል። በነቃም ጊዜ ጣዕሙ ገና በአፉ ውስጥ ያለ ይመስለዋልና ይደነግጣል። «ይህ ምን ይሆን?» ብሎም ለሚስቱ፥ ለጐረቤቱ፥ ለንስሓ አባቱ ይናገራል።

ድንጋጤው በራሱ ቀላል ነገር ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ግን ቀላል አይደለም። አንዱ «በሕልሙ የበላ ሰው ይታመማል» ሲሉ ሰምቶ፥ ጤነኛ ሳለ ራሱን እንደ በሽተኛ ቈጥሮ ይሰነብታል። ሌላው በሕልሙ ያጐረሰችውን ሴት መልክ አስታውሶ፥ በቀን ያለ በደሏ ይጠረጥራታል፤ ከቤቷም እህል ውሃ መቅመስ ይተዋል። ሌላውም ሕልም እፈታለሁ ለሚል ሰው ገንዘቡን ያፈስሳል። እንዲህ ባለ ነገር የጐረቤት ፍቅር ሲፈርስ፥ ቤተ ዘመድም ሲለያይ ይታያል። ስለዚህ ነገሩን በጭፍን ከመቀበልም ሆነ በጭፍን ከመሳቅ በፊት፥ ከእኛ አስቀድመው የነበሩ ሕዝቦች እንደዚህ ያለውን ሕልም እንዴት እንደ ፈቱትና ፍቺውም ምን እንዳተረፈላቸው ታሪክን መጠየቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልን።

እስከ ዛሬ ከተገኙት የሕልም መጻሕፍት ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የግብጻውያን ነው። ከዓባይ ማዶ፥ ከዛሬው ሉክሶር ትይዩ፥ ዴር ኤል መዲና በሚባል ስፍራ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚሥሉ ሠራተኞች መንደር ነበረ። በዚያ መንደር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት፥ በታላቁ ራምሴስ ዘመን፥ ቀንሐርኸፕሸፍ የሚባል ጸሓፊ ይኖር ነበር። ከእርሱ እጅ የነበረው በደንገል ወረቀት የተጻፈ የሕልም መጽሐፍ ዛሬ በለንደን በብሪትሽ ሙዝየም ይገኛል፤ እንግሊዛዊው ሊቅ አለን ጋርዲነርም በ1935 ተርጕሞ አሳትሞታል። የመጽሐፉ አጻጻፍ እንደ መዝገብ ነው። ሰው በሕልሙ ራሱን ይህን ሲያደርግ ቢያይ ይልና፥ ቀጥሎ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ከዚያም ምክንያቱን በአጭር ቃል ያስከትላል። ክፉ የሚለውም ቃል በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ስለ መብልና ስለ መጠጥ የሚናገሩ ብዙ መስመሮች አሉ። የአዞ ሥጋ በሕልም መብላት መልካም ተብሎ ተቈጥሮአል። የአህያ ሥጋ መብላትም እንዲሁ መልካም ነው፤ ትርጓሜው ሹመትና ከፍ ማለት ነው። የሞቀ ጠላ መጠጣት ግን ክፉ ነው፤ መከራ ይመጣል ማለት ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። በቀን የሚያስጸይፈው የአህያ ሥጋ ሹመት ሲሆን፥ በየቀኑ የሚጠጣው ጠላ መሞቁ ብቻ መከራ ሆነ። የመብሉ እንግዳነት ብቻውን ክፉ ምልክት እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

አህያና ሹመት ምን አገናኛቸው ቢባል፥ ያገናኛቸው ቋንቋ ነው። በጥንት ግብጻውያን አነጋገር የአህያ ስምና ከፍ ማድረግ የሚለው ቃል በድምፅ ይቀራረባሉ። ፈቺው የተናገረው በቃል ጨዋታ ነው። በእኛ ዘንድ ቅኔ የተማረ ሰው ኅብር የሚለውን ነገር እንዲህ ባለው ያውቀዋል፤ አንዱ ቃል ሁለት መንገድ ሲሄድ ማለት ነው። ነገር ግን ኅብር በገዛ ቋንቋው ብቻ የሚሠራ ነው፤ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ይጠፋል። በአማርኛ አህያና ሹመት አይገናኙም። እንግዲህ በቴብ አጠገብ ሹመት የነበረው ሕልም በጐንደር ወይም በአንኮበር ሹመት ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም።

የአሦር ሰዎችም እንዲሁ አድርገዋል። የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት በነነዌ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት አከማችቶ ነበር። ከፍርስራሹም ውስጥ በሸክላ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ የሕልም መጽሐፍ ወጥቶአል፤ ይህንንም ሊዮ ኦፐንሃይም የሚባል ሊቅ በ1956 ለዓለም አሳወቀ። በዚያ መጽሐፍ በሕልም ስለ ተበላ ሥጋ የሚናገር ረጅም ክፍል አለበት፤ የሚበላውም የማይበላውም ሁሉ በተራ ተቈጥሮአል። ቁራ የበላ ሰው ገቢ ያገኛል ይላል። ይህም የሆነበት ምክንያት በአካድ ቋንቋ ቁራ አርቡ፥ ገቢ ኢርቡ ስለሚባሉ ነው። በዚህም ደግሞ ፍቺውን ያመጣው የቃሉ ድምፅ እንጂ የወፉ ጠባይ አይደለም።

ከግብጹ መጽሐፍ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር። መዝገቡ ክፉ ሕልም ላየ ሰው መድኃኒት ያዝዛል። ትኩስ እንጀራና ለምለም ቅጠል በጠላና በከርቤ ርሶ የሕልመኛው ፊት እንዲታሽበት፥ ጸሎትም እንዲደገም፥ ያን ጊዜም ክፉው ሕልም ሁሉ እንዲባረር ይናገራል። በሌሊቱ መብል የደነገጠው ሰው በጧት በእውነተኛ እንጀራና በእውነተኛ ጠላ ይረጋጋ ነበር ማለት ነው። ሥርዓቱ የአረማውያን ስለ ሆነ አንቀበለውም፤ ነገር ግን ከ3000 ዓመት በፊትም ሰው ሕልሙን ፈርቶ ሲነቃ የሚያረጋጋው ነገር ይፈልግ እንደ ነበረ ያስረዳናል። የመንደሩ ድንጋይ ጠራቢ ከእኛ የተለየ ልብ አልነበረውም።

ከእነዚህ መዝገቦች በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ፥ አርጤሚዶሮስ የሚባል የኤፌሶን ሰው ስለ ሕልም ፍቺ በጽርእ ቋንቋ አምስት መጻሕፍት ጻፈ። ይህ ሰው መጻሕፍትን በማንበብ ብቻ አልተወሰነም። ሊቃውንት የሚንቋቸውን የገበያ ሕልም ፈቺዎች በግሪክ፥ በእስያ፥ በኢጣልያም እየዞረ ብዙ ዘመን አነጋገራቸው። ያየው ሕልም ብቻ ሳይሆን ከሕልሙ በኋላ የደረሰውም ነገር ምን እንደ ነበረ ለማወቅ ይጠይቅ ነበር። በዚህም መንገድ ከቀደሙት የበለጠ ሁለት ማስተዋሎች አገኘ።

የመጀመሪያው፥ ሕልሙን ያየው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ሕልም አይፈታም የሚለው ነው። ባሪያ ነውን ወይስ ጨዋ? ሀብታም ነውን ወይስ ድኻ? ጤነኛ ነውን ወይስ በሽተኛ? የአገሩስ ልማድ ምንድር ነው? ለዚህም ምሳሌ ሲያመጣ ዓሣን ሰው ሁሉ ይበላል፤ አስታርጤን የሚያመልኩ ሶርያውያን ግን አይበሉም አለ። እንግዲህ አንዱ ዓሣ ለአንዱ የዕለት ምግቡ፥ ለሌላው የሃይማኖቱ ክልክል ነው። በሕልም ቢበሉትም ትርጓሜው አንድ ሊሆን አይችልም። በአገራችንም ቢሆን በጾም ቀን ሥጋ በሕልሙ የበላ ጿሚና ያንኑ ሕልም ያየ ጾም የማያውቅ የውጭ አገር ሰው በጧት እኩል አይደነግጡም። እንግዳ መብል የሚባለው ነገር ለሁሉ እንግዳ አይደለም፤ ለሕልመኛው እንግዳ ነው እንጂ።

ሁለተኛው፥ ሕልም ሁሉ ምልክት አይደለም የሚለው ነው። የተራበ ሰው ሲበላ፥ የተጠማም ሰው ሲጠጣ ቢያልም፥ ያ ሕልም የሚመጣውን አይናገርም፤ ያለውን የሥጋ ሁኔታ ብቻ ይናገራል ብሎ ለይቶታል። ይህን መጽሐፍ በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው ክርስቲያን ሐኪም ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ወደ ዐረብኛ መለሰው።

ይህ ሁለተኛው ማስተዋል ግን ከአርጤሚዶሮስ በፊትም የታወቀ ነበረ። ነቢዩ ኢሳይያስ በ29ኛው ምዕራፍ፥ በጽዮን ላይ የሚዘምቱትን አሕዛብ በሕልሙ በልቶ ሲነቃ ሆዱ ባዶ ከሆነ ርኁብ ሰው ጋራ ያመሳስላቸዋል። የአገራችንም ሰው «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ብሎ ነገሩን በሦስት ቃል ጨርሶታል። የአፍሪካው ሊቅ አውግስጢኖስ በ400 ዓመት ገደማ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ፥ የሕልም ምግብ የነቁ ሰዎችን ምግብ እጅግ ይመስላል፤ ነገር ግን የተኙት በእርሱ አይመገቡም ሲል የሐሰት ትምህርትን ከእንዲህ ያለው ምግብ ጋራ አነጻጽሮታል።

በእኛ ዘመን አጠገብ የሆነው ታሪክም ይህንኑ ያጸናል። ስዊድናዊው ኦቶ ኖርደንሾልድ ከ1901 እስከ 1903 በደቡብ ዋልታ በረዶ መካከል ከባልንጀሮቹ ጋራ ክረምቱን አሳለፈ። ሰዎቹ ሌሊት ሌሊት ከሁሉ ይልቅ የሚያልሙት መብልና መጠጥ እንደ ነበረ፥ ከመካከላቸውም አንዱ በሕልሙ ታላቅ ግብዣ በልቶ ሲነሣ ደስ ብሎት ለጓደኞቹ ያወራ እንደ ነበረ ጽፎአል። የቪየናው ሐኪም ፍሮይድም ስለ ሕልም ፍቺ በጻፈው መጽሐፍ፥ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጁ ታማ ቀኑን ሙሉ ምግብ ከተከለከለች በኋላ፥ ሌሊት በእንቅልፏ እንጆሪንና ሌላም የምትወደውን መብል በስሙ እየጠራች ስትናገር መስማቱን ተርኮአል። በ1953ም የቺካጎ ሊቃውንት አሰሪንስኪና ክላይትማን፥ ተኝቶ ያለ ሰው ዓይኖቹ ከሽፋናቸው በታች በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ እንዳለ፥ በዚያ ጊዜ የተቀሰቀሰም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕልም ሲያይ እንደ ነበረ የሚናገር መሆኑን ገለጡ። ስለዚህ ሕልም የማየት ነገር የጤነኛ ሰው እንቅልፍ ሁሉ ሥራ ነው እንጂ የአስማት ምልክት አይደለም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ሳለ ሰው ለምን ወደ ፈቺ ይሄዳል ቢሉ፥ የሚፈልገው እውቀት ሳይሆን ማረፊያ ስለ ሆነ ነው። ይህን የሚያውቅ ፈቺም ማረፊያውን ይሸጥለታል። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ ውስጥ በ4ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን ስለ ነበረ ባር ሄድያ ስለሚባል ሕልም ፈቺ የሚናገሩት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ባር ሄድያ ዋጋ ለሚሰጠው መልካም፥ ለማይሰጠው ክፉ ይፈታ ነበር። አባዬና ራባ የሚባሉት ሁለት ታላላቅ መምህራን አንድ ዓይነት ሕልም አይተው ወደ እርሱ ሄዱ። አባዬ አንድ ዙዝ ብር ከፈለ፤ ራባ ግን አልከፈለም። በሕልማችን ሰላጣ በጋን አፍ ላይ በቅሎ አየን ባሉት ጊዜ፥ ለከፈለው ንግድህ እንደ ሰላጣ ይበዛል አለው፤ ላልከፈለው ግን ንግድህ እንደ ሰላጣ ይመርራል አለው። ሰላጣው አንድ ነው፤ ጋኑም አንድ ነው፤ የተለየው ዙዙ ብቻ ነው። በኋላም ራባ ብዙ ጕዳት ከደረሰበት በኋላ መክፈል ጀመረ፤ ያን ጊዜ ሕልሙ ሁሉ መልካም ሆነለት። በመጨረሻ ግን ከፈቺው እጅ መጽሐፍ ሲወድቅ፥ ሕልም ሁሉ የፈቺውን አፍ ይከተላል የሚል ቃል ተጽፎበት አገኘ፤ ስለዚህም ያ ሁሉ መከራ በአፍህ ነበርን ብሎ ረገመው ይላል። መምህራኑ ይህን ታሪክ በራሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ጽፈው ማስቀረታቸው ትልቅ ቅንነት ነው። ከመካከላቸው ታላቁ ሰው እንዴት እንደ ተታለለ አልሸሸጉም።

እስካሁን ያየናቸው ሦስት መንገዶች ናቸው። የመዝገብ መንገድ በቃል ጨዋታ ላይ የቆመ ነው፤ የሥጋ መንገድ ረኃብንና በሽታን ይመረምራል፤ የገበያ መንገድ በገንዘብ ይዞራል። አራተኛ መንገድ ግን አለ። ይኸውም ሕልመኛው ራሱ በሕልሙ ፊት ቆሞ፥ ይህ ነገር ከእኔ ምን ይፈልጋል ብሎ ሲጠይቅ ነው። ለዚህም ሁለት ታሪኮች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው በግብረ ሐዋርያት 10ኛ ምዕራፍ የተጻፈው፥ ሁላችን የምናውቀው የኢዮጴ ራእይ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ለጸሎት ወደ ሰገነት ወጣ፤ ተርቦም ነበር፤ ምግብም እስኪዘጋጅለት ድረስ ተመስጦ መጣበት። ሕልም ሳይሆን ራእይ መሆኑን አንዘነጋም፤ ነገር ግን ረኃቡ በግልጥ የተጻፈ መሆኑን እናስተውል። ከላይ የወረደው እንደ ታላቅ ሸማ ያለ ዕቃ በውስጡ ልዩ ልዩ እንስሳ፥ በምድር የሚንቀሳቀስና የሚበር ነገር ይዞ ነበር። አርደህ ብላ የሚል ድምፅ ሲመጣለትም፥ ርኩስ ነገር በአፌ ገብቶ አያውቅም ብሎ እምቢ አለ። ይህም ሦስት ጊዜ ሆነ።

እንግዲህ አርጤሚዶሮስ ቢጠየቅ ኖሮ፥ የተራበ ሰው መብል አየ፤ ትርጓሜ የለውም ባለ ነበር። የግብጹም መዝገብ ቢገለጥ ኖሮ እያንዳንዱን እንስሳ ለየብቻ በፈታ ነበር። ጴጥሮስ ግን ወዲያው አልፈታም፤ ምን ይሆን እያለ በልቡ ሲያመነታ፥ የመቶ አለቃው የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች በደጅ ቆመው ስሙን ጠሩ። ትርጓሜው በደጅ ነበረ። ወደ ቂሣርያ በሄደም ጊዜ፥ የተገለጠለት ነገር ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ እንዳይጠራ መሆኑን ለቤቱ ሰዎች ነገራቸው። እንግዳው መብል እንግዳ ሰው ሆነ። ራእዩ ያዘዘው ጐረቤትን መጠርጠር አይደለም፤ ፈጽሞ ያልገባበትን ቤት ደፍሮ መግባት ነው።

ከዚህም ጋራ የሚቀራረብ ነገር በቅዱሳት መጻሕፍት አለ። ነቢዩ ሕዝቅኤል የተጻፈበትን ጥቅል በላ፤ በአፉም እንደ ማር ጣፈጠው። በግእዝ በተጠበቀልን በዕዝራ ሱቱኤልም፥ ዕዝራ እንደ ውሃ የሞላ፥ መልኩ ግን እሳት የሚመስል ጽዋ ጠጥቶ፥ አእምሮው ተከፍቶ፥ ለአምስት ጸሓፊዎች አርባ ቀን መጻሕፍትን አስጻፈ። ጥቅሉንም ሆነ ጽዋውን በሌላ ሰው ማዕድ ያየው የለም። ተቀባዩ ከበላና ከጠጣ በኋላ ግን ለሌላው የሚሰጠው ቃል ነበረው።

ሁለተኛው ታሪክ ከአፍሪካችን ነው። ዛሬ ቱኒስያ በምትባለው አገር በቅርጣግና ከተማ፥ በንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚዮስ ሳዊሮስ ዘመን፥ በ203 ጥቂት ንኡሰ ክርስቲያን ተይዘው ታሰሩ። ከእነርሱም አንዷ ከጨዋ ቤት የተወለደች፥ የተማረች፥ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል የሆነ ፐርፔቱዋ የምትባል ሴት ነበረች። የሚጠባ ሕፃን ነበራት። በእስር ቤት የደረሰባትንና ያየችውን ሕልም በገዛ እጇ ጻፈች፤ ይህም ክርስቲያን ሴት ከጻፈቻቸው ከተረፉልን ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ከእርሷ ጋራ ባሪያይቱ ፌሊቺታስ ነበረች፤ እርሷም ፀንሳ ሳለች ተይዛ በእስር ቤት ወለደች።

ፐርፔቱዋ መጀመሪያ ከጨለማውና ከሙቀቱ ይልቅ ስለ ሕፃንዋ ትጨነቅ ነበር። ሕፃኑ ከእርሷ ጋራ እንዲቆይ ሲፈቀድላት ግን እስር ቤቱ እንደ ቤተ መንግሥት ሆነልኝ ስትል ጽፋለች። በዚያ ጊዜ ወንድሟ መጥቶ፥ ፍጻሜያችን ሞት ይሁን ወይስ መፈታት፥ በራእይ ይገለጥልሽ ዘንድ ለምኚ አላት። እርሷም ነገ እነግርሃለሁ ብላ ለመነችና ሕልም አየች።

በሕልሟም እስከ ሰማይ የሚደርስ ጠባብ የናስ መሰላል አየች፤ በግራና በቀኝ ሰይፍና ጦር፥ ሜንጦና ካራ ተሰክቶበታል፤ ከእግሩ በታች ታላቅ ዘንዶ ተኝቶአል። የዘንዶውን ራስ እንደ መጀመሪያው ደረጃ ረግጣ ወጣች። በላይም እጅግ ሰፊ የአትክልት ስፍራ ነበረ፤ በመካከሉም ጠጕሩ የነጣ፥ እረኛ የሚመስል ረጅም ሰው ተቀምጦ በጎች ያልብ ነበር፤ ነጭ የለበሱ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከበውታል። እርሱም ቀና ብሎ አያትና፥ ልጄ ሆይ እንኳን ደኅና መጣሽ ብሎ፥ ከሚያልበው ወተት የሆነ ጕርሻ የሚያህል አይብ ሰጣት። እርሷም ሁለት እጇን አጣምራ ተቀብላ በላች፤ በዙሪያው ያሉትም ሁሉ አሜን አሉ። በዚህም ድምፅ ነቃች፤ ምንነቱን የማታውቀው ጣፋጭ ነገር ገና በአፏ ውስጥ ነበረ።

አይብ ለቅርጣግና ሰው እንግዳ መብል አይደለም። ነገር ግን ሳይረጋ ከእንስሳው ጡት አይብ ሆኖ የወጣ ወተት ማን አየ? ነቅታም ሳለ የምታኝከውን ነገር ስሙን ልትጠራው አልቻለችም። ስለዚህ ይህ በእውነት የእንግዳ መብል ሕልም ነው። ሐኪሙ፥ የምታጠባ እናት ወተት ብታልም ምን ይደንቃል ሊል ይችላል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የተጣመረውን እጅና የሕዝቡን አሜን ሲያይ ቅዱስ ቍርባንን ያስባል። ጠርጡልያኖስ በዚያው ከተማና በዚያው ዘመን፥ አዲስ የተጠመቁት ወተትና ማር ይቀምሱ እንደ ነበረ ጽፎአል፤ በእኛም ዘንድ በሲኖዶስ ውስጥ ይህ የወተትና የማር ሥርዓት ተጽፎ ይገኛል። ፐርፔቱዋም ጥምቀትን የተቀበለች ከተያዘች በኋላ ነበረ። እንግዲህ ሥጋዋም፥ እናትነቷም፥ አዲሱም እምነቷ በአንድ ጕርሻ ተገናኝተዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ራሷ የሰጠችው ፍቺ ነው። ጣፋጭ መብል በአትክልት ስፍራ መብላት በገበያ ፈቺ አፍ መፈታትና ደስታ በሆነ ነበር። ወንድሟም ይህን ለመስማት የሚጓጓ ነበር። እርሷ ግን ሕልሙን ለወንድሟ ነገረችው፤ ሁለቱም የሚመጣው ሞት መሆኑን አወቁ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ተስፋ ማድረግን ተዉ። ጣፋጩን መብል ለራሷ ማባበያ አላደረገችውም። አባቷ ሽበቱን እያሳየ፥ እጇን እየሳመ ሲለምናት አዘነችለት እንጂ አልተመለሰችም። በገዢው በሂላርያኖስ ፊት ቆማ ከተፈረደባት በኋላ ሕፃኑን ብትጠይቅ አባቷ ከለከላት፤ ሕፃኑም ከዚያ ወዲያ ጡት አልፈለገም ብላ ጽፋለች። በማርች 7 ቀን 203 ከባልንጀሮቿ ጋራ በአራዊት መታያ ሜዳ ተገደለች።

አውግስጢኖስ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በመታሰቢያቸው ቀን ስብከት ይሰብክ ነበር። ሆኖም ጽሑፏን አክብሮ ሳለ፥ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር የሚገባ አለመሆኑን በግልጥ አስታውቆአል። ይህ ጥንቃቄ ለእኛም ትምህርት ነው። የሰማዕት ሕልም እንኳ ሕግ ካልሆነ፥ የእኔና የአንተ የሌሊት ጕርሻ እንዴት በሌላው ሰው ላይ ፍርድ ይሆናል?

እንግዲህ ታሪክ ከሰጠን ምስክርነት ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፥ እንግዳ መብል በሕልም ያየ ሰው አስቀድሞ ሆዱን፥ ጤናውንና የቀን ሐሳቡን ይመርምር፤ አብዛኛው ሕልም በዚሁ ያልቃል። ሁለተኛ፥ በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ የተጻፈን የሕልም መዝገብ፥ ወይም በዋጋ የተገዛን ፍቺ፥ በቤቱ ላይ አይሹም፤ የቴቡ አህያና የባር ሄድያ ሰላጣ ምን ያህል እንደሚያዘልቁ አይተናል። ሦስተኛ፥ ሕልሙ ከዚህ ሁሉ በኋላ ከልቡ አልወጣ ቢለው፥ ማን መረዘኝ አይበል፤ ምን ልሥራ ይበል። በኢዮጴ የታየው መብል የተዘጋ በር አስከፈተ፤ በቅርጣግና የተበላው ጕርሻ አንዲትን ወጣት እናት ለሚጠብቃት ነገር አዘጋጀ። በሁለቱም ቦታ ባለ ራእዩ በሌላው ሰው ላይ ጣቱን አላነሣም።

በሕልሟ ያጐረሰችህ ጐረቤት ምናልባት በቀን ለልጆቿ የምታጐርሰው አጥታ ይሆናል። ሕልሙ ካልተወህ ሄደህ ደጇን አንኳኳ፤ ከቻልህም ይዘህላት ሂድ። አባቶቻችን «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ብለዋል፤ እኛም ሕልም ፈርተን ከሰው ማዕድ አንለይ።